የሰባት ቁጥሩ ቦርድ

ጁባ፣ አትላባራ
እሑድ፣ መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለቡድን መሪዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላቸው? ፎቶ ኮፒ ቤቱስ እንዴት ነው? የመናኸሪያው አቧራ ማሽኑን እያነቀ ያስቸግርሻል ብላ የሥራ ባልደረባዬ ሮዳስ ነግራኛለች። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚህ ቀጥሎ ሰው ሁሉ በደብዳቤው ላይ የሚጽፋት አንዲት መስመር አለች፤ «ከናፍቆትሽ በቀር» የምትለዋ። እሷን ሆን ብዬ ዘልያታለሁ። ተናድጃለሁና።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። እዚህ አገር ኔትወርኩ አንዱን ቃል ሲያደርስ ሁለቱን ይውጣል፤ ቁጣ ደግሞ ተቆራርጦ ሲደርስ ቁጣ አይመስልም። ስለዚህ ጻፍኩት። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። እንደ ክፍል ጊዜያችን የመጨረሻውን መስመር አይተሽ «ገባኝ» እንዳትዪ።

እዚህ ስመጣ ሥራዬ ገመድ መሳብ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጋሽ ግዛው ከሆቴላቸው ሌላ ጀነሬተርና ሶላር የሚተክል ድርጅት አላቸው። ዋናው ቴክኒሻን ኬንያዊ ነበር። እሱ ያዛል፣ እኔ ግድግዳ እበሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ከረንት ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ሐምሌ 2008 ላይ ተኩሱ ሲነሳ አራት ቀን የሆቴሉ ምግብ ቤት ወለል ላይ ተኝተን ሰነበትን። ሲበርድ ኬንያዊው በመጀመሪያው አውሮፕላን አገሩ ገባ፣ አልተመለሰም። ጋሽ ግዛው ቢሮ ጠሩኝና መሳቢያቸውን ከፍተው ስቀጠር የሰጠኋቸውን የብቃት ወረቀት፣ ሲኦሲዬን አወጡ። እኔን የመሰለ ባለሙያ በጃቸው እያለ ለምን ከናይሮቢ ሰው እንደሚያመጡ አልገባቸውም። ወረቀቱን በፍሬም አስገብተው ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ሰቀሉት። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለትን የተማርኩት ካንቺ ነው፤ ካንቺ የተማርኩት ሌላ ነገር ስለሌለ።

አዎ፣ አልተሳሳትሽም፣ እንደዚያ ነው ያልኩት። አንድ ለአምስት ብለው ሲያደራጁን መሪያችን አንቺ፣ አምስተኛው እኔ ነበርኩ። የቤት ሥራውን አንቺ ትሠሪያለሽ፣ አምስታችን እንገለብጣለን፤ የቡድኑ ውጤት ያምራል፣ መምህሩ ሪፖርት ይሞላል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቅሽ «ጊዜ የለንም፣ ጻፍ ዝም ብለህ» አልሽኝ። ጻፍኩ። ዝም አልኩ። ዲፕሎማ ያዝኩ።

ባለፈው መስከረም ኮር ዊሊያም ውስጥ ወዳለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ተላክሁ። ነርሷ የአገራችን ልጅ ናት፣ ሲስተር ሒሩት ትባላለች። በሶላር የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ አላቸው። የባትሪውን መሙላት የሚቆጣጠረው ዕቃ ተበላሽቶ ነበርና አዲስ ልቀይርላቸው ነው የሄድኩት። ከባትሪው የሚመጡት ሁለቱም ገመዶች ጥቁር ናቸው። ኬንያዊው እጁ ላይ ያገኘውን ገመድ ዘርግቶ ሄዷል። ቆሜ አየኋቸው። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ያንቺ ሕግ ብቻ ነው፤ «ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።» ሁለቱም ጥቁር ሲሆኑስ፣ መሪዬ? ያን ጊዜስ ምን ይደረጋል? ቴስተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁለቱን ጫፎች ነክቶ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት መኖር አለመኖሩን ማየት ብቻ ነው። እኔ ገመትኩ። አዲሱ ዕቃ አንዴ ጨሰና ሞተ።

ፍሪጁ ሞቀ። ያለው ክትባት ሁሉ ተጣለ። ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የተሰለፉትን እናቶች ሲስተር ሒሩት ወጥታ አንድ በአንድ መለሰቻቸው። አንዷ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸሪካት፣ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ የመጣች ነበረች፤ ልጇን አስተካክላ አዝላ ተመለሰች። ከዚያ ሲስተር ሒሩት ወደኔ መጣች። አልጮኸችም።

«ካላወቅከው ለምን ነካኸው?» አለችኝ።

መልስ የምትሰጪኝ አንቺ ነበርሽ፤ አንቺ ደግሞ እዚያ አልነበርሽም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልማር ተነሳሁ። መማር የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ የሚያጣ አይመስልም አይደል? ስሚኝ እንግዲህ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ላይ ትምህርት ጭኖ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ «ኤሌክትሮኒክስ ከሀ እስከ ፐ» ብሎ ሸጠልኝ። ከፍቼ ባየው አንድ ሰው በሂንዲ ያወራል፣ የሚታየው ጣቱ ብቻ ነው። በስልኬ ዘጠኝ መቶ ገጽ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወረድኩ። የመጀመሪያው ገጽ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምርና ወዲያው ወደ ቀመር ይገባል። ለማን ነው የሚታወቀው? ፌስቡክ ላይ አንድ የቴክኒሻኖች ቡድን ገብቼ ቮልት ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቅ ስንቱ ሳቀብኝ መሰለሽ፤ አንዱ «ሂድና ስምንተኛ ክፍልን ድገም» አለኝ። ስድብ መስሎት ነው እንጂ ካገኘሁት ምክር ሁሉ የሚረባው እሱ ነበር። ከለውዝ ሻጭ አንድ የኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ገዛሁ። ስለ ሙቀት አለ፣ ስለ ብርሃን አለ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያወራው ምዕራፍ ግን ተገንጥሎ ለውዝ ተጠቅልሎበት አልቋል። ሴትዮዋ አዝና ሌላ ለውዝ መረቀችልኝ።

አፍሬም ቢሆን ላንቺ የጻፍኩት ያኔ ነው። የስምንተኛ፣ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ላኪልኝ አልኩሽ። ምን ብለሽ እንደመለስሽ አስታውሺ። «ጥያቄውን ላክልኝ፣ መልሱን እነግርሃለሁ።» ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ቀጥሎ የጻፍኩልሽን አልደግመውም፤ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሌላው ግን አልጠይቅም።

ታኅሣሥ ላይ የሆቴላችን እንግዳ ተቀባይ ሮዳስ ለዕረፍት አገር ቤት ገብታ ስትመለስ ያንቺን ጥራዝ ይዛልኝ መጣች። ሦስት ወፍራም ጥራዝ፣ የሦስቱም መጽሐፍ ኮፒ፣ በክር የተሰፋ። እያንዳንዱን ገጽ አንድ በአንድ ቆጥረሽ እንዳስረከብሻት ነገረችኝ። ሌላ ምን አለች ብላት «እጁ ደህና ነው?» ብቻ ነው የጠየቀችኝ አለች። ገረመኝ። ሥራውን እንዴት ያዘው ማለት ይቀናል፤ እጁ ደህና ነው ወይ ምን ማለት ነው?

ጥራዙን ስከፍት ደግሞ ሌላ ንዴት። ከመጽሐፉ ጎን ለጎን በእጅ ጽሑፍሽ ጽፈሽበታል! «ቮልት ብቻውን ያለ ነገር አይደለም፣ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ኮረብታ ያለ ሜዳ ኮረብታ እንደማይባል።» «ከረንት ሰነፍ አይደለም፣ ክፍት መንገድ ካገኘ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ መንገዱን ጠባብ አድርግበት።» ዘጠኝ መቶ ገጽ ያልነገረኝን አንቺ በሁለት መስመር ነገርሽኝ። ለካ ማስረዳት ትችያለሽ! ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ ይህ ሁሉ ሆድሽ ውስጥ ነበር? «ጻፍ ዝም ብለህ» ስትዪኝ ይህን እያወቅሽ ነው?

በመጨረሻው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ከመጽሐፉ ያልሆነ አንድ ገጽ ነበር። ከራስሽ ደብተር የተገለበጠ ሥዕል። ትናንሽ ቅርጾች ክብ ሠርተው፣ ጥግ ላይ ሰባት ቁጥር፣ ከሥሩ «ሰኔ 15 ቀን 2005»። ሌላ አንድም ቃል የለበትም። አበባ የሣልሽ መሰለኝ። አለፍኩት።

አሁን ስለ ቡሽራ ልንገርሽ። ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ያቺ ለውዝ ሻጭ የምትቀመጠው እሳቸው በር ላይ ነው። ጥራዝሽን ይዤ ያልገባኝን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ቀድሜ እመልሳለሁ፤ በቃሌ የያዝኩትን እደረድራለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጉል፣ አና ማ አሪፍ» አሉኝ። «አላውቅም በል» ማለታቸው ነው። አላልኩም። ወደ ሬዲዮአቸው ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በአማርኛ ብዬው የማላውቀውን ቃል በዓረብኛ አስባሉኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ።

ሁለት ወር ተማርኩ። ከሥራ ስወጣ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፣ ያንቺን ጎን ጽሑፍ እተረጉምላቸዋለሁ፣ እሳቸው በቴስተር ያሳዩኛል። ማን እንደጻፈው ጠይቀውኝ ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ሴት ናት ስላቸው አላመኑኝም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ለብቃት ምዘናው የሠራኸውን ያንኑ ቦርድ ሥራልኝ አሉኝ። ታስታውሺዋለሽ፣ ተለዋዋጩን ከረንት አንድ አቅጣጫ አስይዞ አምፖል የሚያበራው፣ ከረንትን ባንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች ያሉት። ደስ አለኝ። ያለፍኩበት ነውና! ዳዮዶቹን እንዴት እንደደረደርኳቸው መቼም አልረሳውም። ከረንት ይዞራል ስለተባልን አዙሬ ነው የሰካኋቸው፤ የአንዱ ነጭ መስመር የሌላውን ጅራት እየተከተለ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚዞር ሰው። በዚያን ዕለት ሳየው ማማሩ ራሴን አስደንቆኝ ነበር። ያንኑ ደግሜ ሠርቼ ሰጠኋቸው። በዚህ ነው ያለፍኩት አልኳቸው።

ቡሽራ ያልተማመኑበትን ነገር በቀጥታ አይሰኩም። መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ አሮጌ አምፖል ያስገባሉ፤ ቦርዱ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ሌላ ነገር አይቃጠልም። ሰኩት። ቦግ አለ። ነቅለው ደግመው ሰኩት። ቦግ። መነጽራቸውን አውልቀው ቦርዱን አገላብጠው አዩትና፣

«ልጄ፣ ይህ ቦርድ ማንንም አያሳልፍም» አሉኝ።

ምናልባት ረስተኸው ይሆናል አሉኝ ደግሞ፣ ፊቴን አይተው። አልረሳሁትም። አንድ ዳዮድ እንኳ ቢሆን ተሳስቼ አስታውሼ ይሆናል እል ነበር። አራቱም ናቸው። ከጥራዝሽ ውስጥ ያንን የመጨረሻ ገጽ አወጣሁ። አበባ አልነበረም። አራት ዳዮድ ነው፣ አንዱ የሌላውን ጅራት የሚከተል። ሰባት ቁጥሩም ቦርዴ ላይ የተለጠፈችው የቁጥር ፕላስተር ናት።

ኮፒ ማንሳት እንጀራው የሆነ ሰው በስህተት ገጽ አይጨምርም። ካልተማርኩ የማላነበውን ደብዳቤ ነው የላክሽልኝ።

እንግዲህ አነበብኩት። ሰኔ 15፣ ቅዳሜ። ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ አንቺ፣ ሰባት ቁጥር እኔ። ቁጥራችን በፕላስተር ተጽፎ ቦርዳችን ጥግ ላይ ተለጥፏል። መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ የደከማቸው ሰው ነበሩ። እኛን ኮሪደር ላይ አስወጡንና «የአንድ ለአምስት መሪዎች፣ የቡድናችሁን ቦርድ ሰብስባችሁ አምጡ» አሉ። ፈተና እኮ ነው! እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው የሚመዘንበት ፈተና! ግን የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ብቻሽን ገባሽ። ስትወጪ ጥፍርሽ ላይ የተጣበቀ ነገር በአውራ ጣትሽ ስታሺ ነበር። አይቻለሁ። የፕላስተር ሙጫ መሆኑን፣ ስድስትና ሰባትን ማቀያየርሽን፣ ያወቅኩት የካቲት ላይ ነው።

የሰባት ቁጥር አምፖል በራ። የስድስት ቁጥር ቫልቮላ ተቃጠለ።

ያን ቀን ምን እንዳልኩሽ ታስታውሺያለሽ? እኔ አስታውሳለሁ፤ ከየካቲት ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ትከሻሽን መታ መታ አድርጌ «አይዞሽ፣ ዳዮድ ሲሰካ ጥንቃቄ ይፈልጋል» አልኩሽ። መካሪው እኔ! አንቺ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልሽና «እንኳን ደስ ያለህ» አልሽኝ።

ማን አድርጊው አለሽ? መልሺልኝ። ማን ጠየቀሽ? አጎትሽ አንድ ጊዜ ነው የማስፈትንሽ፣ ከወደቅሽ ሥራ ትገቢያለሽ ማለታቸውን እያወቅሽ። እኔ ብወድቅ ምን እሆን ነበር? በሚቀጥለው ዓመት እደግማለሁ። እናቴ ሁለት ሳምንት ታኮርፋለች። ወድቄ እማር ነበር፤ አንቺ ሳላውቅ አሳለፍሽኝ። ከክፍላችን የተዋጣላት ባለሙያ መናኸሪያ በር ላይ ቁልፍ ስትጫን ትውላለች፤ ገመድ ሳቢው እዚህ በፍሬም ተሰቅሏል። ያቺ ከሸሪካት በእግሯ የመጣች እናት በዚህ መካከል ምን አደረገችን? መልካም የሠራሽ መስሎሽ ነበር። አይደለም። መልካም አልነበረም። ይህን ከኔ በቀር ማንም አይነግርሽም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለማ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ሌላ ነው። አንቺ እንዴት ወደቅሽ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅሽ ሻንጣዬን ይዤ መምጣቴ። ክፍሉ ሁሉ ሲገረም እኔ አልገረመኝም፤ ማለፌ ነው ደስ ያለኝ። እዚህም ከመጣሁ በኋላ ለበዓል ስትጽፊልኝ መልስ የሰጠሁሽ መጽሐፍ ሲቸግረኝ ነው። ይሄኛው ንዴት ያንቺ አይደለም፣ የራሴ ነው። የት እንደማስቀምጠው አጥቼ ካንቺው ጋር ደባልቄ ጻፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ግዛው ሸሪካት ውስጥ ለሚከፈት የወላዶች ክሊኒክ ሥራ አግኝተው ወረቀት አመጡልኝ። ኃላፊ ቴክኒሻን ብዬ እንድፈርም፣ ሲኦሲዬ እንዲያያዝ። ተነስቼ ፍሬሙን ከግድግዳው አወረድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ። ወረቀት ወረቀት ነው፣ አሁን ታውቅ የለም ወይ፣ ፈርም አሉኝ። ሴት ምጥ ላይ እያለች መብራት ቢጠፋ የምጠየቅበትን ያህል ገና አላውቅም አልኳቸው። ያኔ ሳቃቸው ጠፋ። ሆቴሉ ውስጥ የሰጡኝን ክፍል እስከ ማክሰኞ እንድለቅ አዘዙኝ። ከካምፓላ አንድ መሐንዲስ ይመጣል፤ እኔ እንደገና ግድግዳ በሺ ነኝ። አልቅሺልኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። ከሐሙስ ወዲህ ምግብ ይጣፍጠኛል።

ከመልቀቄ በፊት ግን ኮር ዊሊያም ሄጄ ነበር። ሲስተር ሒሩት ፊት ሁለቱን ጥቁር ገመዶች በቴስተር ለካሁ፣ አንዱ ላይ ቀይ ቴፕ ጠመጠምኩ፣ በተቃጠለው ፋንታ ሌላ አዲስ ዕቃ ገጠምኩ። ፍሪጁ ሲነሳ ቆማ አዳመጠችው። አሁን ታውቃለህ ማለት ነው አለችኝ። ይቺን አውቃለሁ አልኳት።

ይህን ደብዳቤ ሮዳስ ታመጣልሻለች፤ ለፋሲካ ትገባለች። ከፍሬሙ ያወጣሁት ወረቀት አብሮት አለ። ላይ የተጻፈው ስም የኔ ነው፤ የቀረው ያንተ ነው የሚለኝ ሰው ካለ መጥቶ ያስረዳኝ። በካልሲ ጠቅልዬ ደግሞ አንድ ቦርድ ልኬልሻለሁ። ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ቡሽራም እጃቸውን አላስገቡበትም። ጥግ ላይ ሰባት ቁጥር ለጥፌበታለሁ። አትመኚኝ፣ መጀመሪያ በአምፖል በኩል ስኪው። ቦግ ካለ እንደፈለግሽ ስደቢኝ። ሥራውን ከሠራ ግን የሐምሌው ምዘና ላይ ተመዝገቢ። ሰበብ አልሰማም። እኔም መጥቼ እመዘገባለሁ። እንደ ድሮው ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ቦርዴን ግን ራሴ ነኝ ተሸክሜ የምወስደው።

እናትሽን በጉልበታቸው ያቁምልሽ። የምትነኪውን ሁሉ ያብራልሽ። እንደተቆጣሁ ይህን ሁሉ ጽፌ ሳልጨርስ ቁጣዬ ማለቁን ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ።

ከቡድንሽ አምስተኛው

ሮዳስን ለጠየቅሻት፦ እጄ ደህና ነው። የቀረውን መጀመሪያ ላይ የዘለልኳት መስመር ውስጥ ታገኚዋለሽ።